የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሌሊት አተኛኘት
ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ወረዳ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የጤና መረጃ

የወገብ ሕመም ከታችኛው የጎድን አጥንት እስከ መቀመጫ ባለው የጀርባ ክፍል የሚሰማ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ወደ እግር ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በመላው ዓለም 619 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። በሀብሩ ወረዳ ጎንበስ ብሎ ጤፍ ማረምና ማጨድ፣ የማሽላ አገዳ መሸከም፣ በመስኖ ማሳ ሽንኩርት መትከል፣ ውኃና ማገዶ አዝሎ ዳገት መውጣት ወገብን ይጎዳሉ። በወልድያና በመርሳ ከተሞች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ውስጥ ወይም ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ መዋል ተመሳሳይ ጉዳት ያስከትላል። ቀን በሥራ የተዘነጋው ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጎላው ሌሊት፣ ጋደም ሲሉ ነው።

ወገቡን የታመመ ሰው በመደብ ወይም በባዶ ወለል ላይ ይተኛ የሚለው ምክር በኅብረተሰቡ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ሆኖም በስፔን በ313 ሰዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው ይልቅ ሕመምን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በጎን የተኛ ሰው በደረቅ መደብ ላይ ክብደቱን የሚያሳርፈው በትከሻውና በዳሌው ብቻ ነው፤ ወገቡ ያለ ድጋፍ ይቀራል። በመደብ ወይም በሰሌን ላይ የሚተኛ ሰው ቁርበት፣ ብርድ ልብስ ወይም ቡልኮ ደራርቦ ቢያነጥፍ ይሻለዋል። በመሬት ላይ ለማደር ለተገደዱ ተፈናቃይ ወገኖቻችንም ከምንጣፉ ሥር ደረቅ ገለባ መጎዝጎዝ ይረዳል።

በአንጻሩ መሐሉ የረገበ አልጋም ወገብን አጉብጦ ያሳድራል። የጠፍር አልጋ ከሆነ ጠፍሩን መወጠር፣ የሽቦ አልጋ ከሆነ ከፍራሹ ሥር ጣውላ ማስገባት ይበቃል። የገለባ ፍራሽ መሐሉ ቶሎ ስለሚጎደጉድ ገለባውን በየጊዜው ማበጠርና ማመጣጠን ያስፈልጋል። ለዚህ ሲባል ውድ ፍራሽ ለመግዛት መበደር ተገቢ አይመስለንም።

በጎን መተኛት ለብዙዎች ተስማሚ ነው። ጉልበትን በመጠኑ አጥፎ የተጠቀለለ ጋቢ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ማድረግ የላይኛው እግር ወደ ፊት ወድቆ ወገብን እንዳያጣምም ያግዳል። በጀርባቸው መተኛት የሚቀናቸው ጋቢውን ከጉልበታቸው ሥር ያድርጉት። በሆድ መተኛት ወገብን ወደ ውስጥ ስለሚያጎብጥና አንገትን ስለሚጠመዝዝ አይመከርም፤ መተው ያልቻለ ሰው ስስ ትራስ ከሆዱ ሥር ያድርግ። ነፍሰ ጡር እናቶች ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጎናቸው እንዲተኙ ይመከራል፤ ይህ ከወገባቸው ባሻገር ለጽንሱም ደኅንነት ይጠቅማል።

ማለዳ ከአልጋ በድንገት ቀና ማለት ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ስለሆነም ጉልበትን አጥፎ ሰውነትን አንድ ላይ ወደ ጎን ማዞር፣ እግርን ከአልጋው ማውረድ፣ ከዚያም በክንድ ተደግፎ መነሣት ይገባል። ሕመሙ እስኪተው ለቀናት አልጋ ይዞ መቆየት ጡንቻን ስለሚያዳክም ማገገምን ያዘገያል፤ ከባድ ሸክምን ትቶ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ይሻላል። ወገብን በጋለ ብረት መተኮስ ከቁስልና ከኢንፌክሽን በቀር ትርፍ የለውም። እንደ ዲክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችንም ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ደጋግሞ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

አተኛኘትን በማስተካከል የማይታለፍ ሕመምም አለ። ጋደም ሲሉ የማይቀንስና ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ በተለይ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ከታከለበት፣ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ወይም ሌላ ከባድ በሽታ ሊሆን ይችላል። በከብት እርባታ የሚተዳደሩና ያልፈላ ወተት የሚጠጡ ሰዎች ብሩሴሎሲስ በተባለው በሽታ ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። የአከርካሪ ቲቢ ሳይታከም ሲቆይ ጀርባን ያጎብጣል፣ እግርንም ሽባ ሊያደርግ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት ይድናል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

እነዚህ ምልክቶች ያሉበት ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ መርሳ ሆስፒታል ወይም ወደ ወልድያ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። ከወገብ ሕመም ጋር እግር ከዛለ፣ ሽንት ከታገደ ወይም ካመለጠ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ ከተሰማ ወይም ሕመሙ ከመውደቅና ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።