ኦምኑሚ

በጥንታዊ ግሪክኛ «እምላለሁ» ማለት ነው። ብዙ የሥነ ልሳን ሊቃውንት መነሻውን ከሳንስክሪቱ «አሚቲ» ጋር ያዛምዱታል፤ ይህም ያዘ፣ ጨበጠ፣ ማለ የሚል ትርጉም አለው። የሚምል ሰው የተቀደሰ ነገር በእጁ ይነካ ነበርና ዝምድናው አሳማኝ ነው። በሆሜር «ኢሊያድ» 14ኛ መጽሐፍ ሄራ በስቲክስ ውኃ ስትምል በአንድ እጇ ምድርን፣ በሌላው ባሕርን እንድትይዝ ትጠየቃለች። እኛም ዘንድ መስቀል ጨብጦ፣ ወንጌል ይዞ መማል የታወቀ ነው።

ሰዋስዉ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። የሚማልበት አምላክ በቀጥታ ተሳቢ ሆኖ ይገባል፤ «ማርያምን!» «እግዜርን!» ስንል የምንጨምራት «ን» የምትሠራውን ሥራ በግሪክኛም የተሳቢው ቅርጽ ይሠራዋል። መሐላ የሚለው ስም ግን ከሌላ ሥር የወጣው «ሆርኮስ» ነው።

ግሡ ወደ እኛ የደረሰው በኦሪት በኩል ነው። በዘፍጥረት 21 አብርሃምና አቢሜሌክ በቤርሳቤህ ተማማሉ። የዕብራይስጡን «ኒሽባዕ» የሰብዓ ሊቃናት ተርጓሚዎች በኦምኑሚ መለሱት። የግዕዙ ኦሪት ከግሪክኛው ሲተረጎም ደግሞ «መሐለ» ቦታውን ያዘ፤ የአማርኛው «ማለ» የተገኘውም ከዚሁ ነው። ኢትዮጵያውያኑ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ ለዘመናት ያነበቡት ኦሪትም ይኸው የግዕዙ ነው።