ያለ አጸፋ የተደረገ ውል በኢትዮጵያ ሕግ ያለው ውጤት

በእንግሊዝና በአሜሪካ የውል ሕግ፣ ቃል የተገባለት ወገን በምትኩ የሚሰጠው ወይም የሚፈጽመው ነገር (አጸፋ) ከሌለ፣ የተገባው ቃል በመርህ ደረጃ እንደ ውል አያስገድድም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አጸፋን ለውል መጽናት መስፈርት አላደረገም።

ውል እንዲጸና የሚያስፈልጉ ነገሮች

በሕጉ አንቀጽ 1678 መሠረት ውል የሚጸናው፦
ሀ) ተዋዋዮቹ ችሎታ ኖሯቸው ጉድለት የሌለበት ፈቃዳቸውን ሲሰጡ፤
ለ) የውሉ ጉዳይ በበቂ ሁኔታ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ሲሆን፤
ሐ) በሕግ የታዘዘ ፎርም ካለ ይኸው ሲሟላ ነው።

ዋስትና

ከአበዳሪው አንዳች ጥቅም ያላገኘ ዋስ «ምንም አልተቀበልኩም» በማለት ብቻ ከግዴታው ነፃ አይወጣም። ሆኖም ዋስትና በግምት አይወሰድም። በአንቀጽ 1922 መሠረት በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም ካልተወሰነ ዋስትናው አይጸናም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሁለት ምስክሮች ፊት መፈረም ይኖርበታል።

ስጦታ

ስጦታ ያለ ዋጋ የሚደረግ ውል ነው። ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ ግን በአንቀጽ 2443 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ፎርም ካልተከተለ ዋጋ የለውም። ይህም ሰነዱ በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ይኸው መፈጸሙና ቀኑ ተጠቅሶ ወዲያው መፈረሙን ይጠይቃል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ።

ሚዛኑን ያልጠበቀ ውል

የውሉ ቃል ለአንዱ ወገን እጅግ የሚጠቅም መሆኑ ብቻውን ውሉን አያፈርስም። ይሁን እንጂ የሌላውን ችግር፣ የአእምሮ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የሥራ ልምድ ማነስ በመጠቀም የተገኘ ፈቃድ ከሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ በአንቀጽ 1710 መሠረት ሊፈርስ ይችላል።

ለባለጉዳዮች

በአዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ የውል ክስ የሚያቀርብ ወይም መልስ የሚሰጥ ባለጉዳይ፣ አጸፋ ባለመኖሩ ላይ ከመመሥረት ይልቅ በችሎታ፣ በፈቃድ፣ በውሉ ጉዳይና በፎርም ላይ ማስረጃውን ማዘጋጀት ይጠቅመዋል። ዋስ ሆኖ የሚፈርም ሰውም ከመፈረሙ በፊት የተጻፈውን የገንዘብ ጣሪያ ማረጋገጥ ይኖርበታል።