ቁራን በሾትገን ማደን፦ የአሜሪካ ሕግ የሚፈቅደውና የሚከለክለው

ቁራ ሰብል የሚያጠፋ ወፍ ተደርጎ ስለሚታይ ጠባቂ ሕግ ያለው አይመስልም። በዩናይትድ ስቴትስ ግን ቁራ በዓለም አቀፍ ስምምነትና በፌዴራል ሕግ የሚጠበቅ ወፍ ነው። አደኑ የሚፈቀደው ሕጉ በለየው ወቅትና መንገድ ብቻ ሲሆን፣ ደንቡን የጣሰ ሰው እስከ 15 ሺህ ዶላር መቀጮ፣ እስከ 6 ወር እስራት ወይም ሁለቱም ሊወሰንበት ይችላል።

ጥበቃው ከየት መጣ?

ከአገር አገር የሚጓዙ ወፎችን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ የወጣው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1918 ነው። ቁራ በዚህ ጥላ ሥር የገባው ዘግይቶ ነው። አሜሪካና ሜክሲኮ በ1936 የተፈራረሙትን ስምምነት በ1972 ሲያሻሽሉ የቁራ ቤተሰብ በተጠባቂ ወፎች ዝርዝር ውስጥ ተካተተ። ከዚያ ወዲህ የአደን ወቅት የመክፈት ሥልጣን ለክፍላተ ግዛቶቹ ቢሰጥም፣ ሥልጣኑ በፌዴራል ደንብ የታጠረ ነው።

አራቱ የፌዴራል ገደቦች

አንደኛ፣ ቁራን ከአውሮፕላን ላይ ማደን ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ የአደኑ ወቅት በአንድ የዘመን መቁጠሪያ ዓመት ከ124 ቀን መብለጥ የለበትም። ሦስተኛ፣ ቁራ በብዛት ጎጆ ሠርቶ በሚፈለፍልበት ጊዜ አደን አይፈቀድም። አራተኛ፣ መሣሪያው ጠመንጃ፣ ቀስት ወይም ለአደን የሠለጠነ ጭልፊት ብቻ ነው፤ ወጥመድና መርዝ ለአደን አይፈቀዱም።

ክፍላተ ግዛቶቹ 124ቱን ቀናት የሚያከፋፍሉት በየራሳቸው መንገድ ነው። ፔንሲልቬንያ አደኑን ለዓርብ፣ ለቅዳሜና ለእሑድ ብቻ በመፍቀድ ወቅቱን በብዙ ወራት ላይ ትዘረጋለች። ካሊፎርኒያ በአንጻሩ ከታኅሣሥ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ አንሥታ ቀናቱን በተከታታይ ትቆጥራለች፤ አንድ አዳኝ በቀን መግደል የሚችለውንም በ24 ቁራ ወስናለች። በሃዋይ ግን ቁራን ማደን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የደሴቶቹ የራሳቸው ዝርያ የሆነው «አላላ» ከዱር ጠፍቶ በሰው እንክብካቤ ሥር የሚገኝ ወፍ ነውና።

ጠመንጃውና ጥይቱ

ሾትገን በአንድ ተኩስ ብዙ ትንንሽ ፍሬዎችን የሚበትን ጠመንጃ ነው። የአፈሙዙ ስፋት የሚለካው «ጌጅ» በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሙዙ ይሰፋል። በመሆኑም 12 ጌጅ ከ20 ጌጅ ይሰፋል። ሾትገን ለበራሪ ወፍ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ፍሬዎቹ በአጭር ርቀት ኃይላቸውን ማጣታቸው ነው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ የረጅም ርቀት ጠመንጃ ጥይት ግን ራቅ ብሎ የሚገኝን ሰው ሊገድል ይችላል።

የጠመንጃውን ዓይነት፣ ጥይት የመያዝ አቅሙንና የተኩሱን ሰዓት የሚወስነው የየክፍለ ግዛቱ ደንብ ነው። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለማንኛውም የዱር እንስሳ አደን የእርሳስ ጥይት መጠቀምን ከልክላለች። መሬት ላይ የቀረን እርሳስ ወይም የቆሰለ እንስሳን ሥጋ የሚመገቡ አሞራዎች ስለሚመረዙ ነው። በፔንሲልቬንያ ደግሞ ሰው ከሚኖርበት ሕንፃ በ150 ያርድ፣ ማለትም በ137 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ያለ ነዋሪው ፈቃድ በጠመንጃ ማደን አይቻልም።

ገበሬው ሰብሉን ሲከላከል

ቁራ በሰብል ወይም በከብት መኖ ላይ ከባድ ጉዳት ሲያደርስ፣ ገበሬው ከወቅቱ ውጭም ቢሆን ያለ ፌዴራል ፈቃድ እርምጃ መውሰድ ይችላል። ይህ ግን ግዴታዎች አሉበት። በየዓመቱ አስቀድሞ ወፎቹን ሳይገድል ለማባረር መሞከር አለበት፤ በሾትገን ሲተኩስ ከእርሳስ ነጻ የሆነ ጥይት ይጠቀማል፤ የገደላቸውን ወፎች አይሸጥም፤ የዓመቱንም ሪፖርት እስከ ጥር 31 ያቀርባል። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከዚህ የጠበቀ ከሆነ ተፈጻሚ የሚሆነው እርሱ ነው።

ሁሉም «ቁራ» አንድ አይደለም

በአማርኛ «ቁራ» የምንለው ስም በእንግሊዝኛ «ክሮው» እና «ሬቨን» ተብለው የሚለዩትን ወፎች በአንድነት ይጠራል። በአሜሪካ ሕግ ግን ልዩነቱ ከባድ ነው፤ ከላይ የተዘረዘረው የአደን ፈቃድ «ክሮው»ን እንጂ «ሬቨን»ን አይመለከትም። ሬቨን በአካሉ ይገዝፋል፣ ምንቃሩ ይወፍራል፣ የጉሮሮው ላባ የተንጨፈረረ ነው፣ ድምፁም ጎርናና ነው። ሲበር ጅራቱ መሐሉ ረዝሞ የሾለ ሲሆን፣ የክሮው ጅራት ግን እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው። በአሜሪካ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ አዳኝ የወፉን ማንነት ሳያረጋግጥ መተኮስ የለበትም።

ከአደን በፊት

አዳኙ የአደን ፈቃድ ማውጣት፣ የክፍለ ግዛቱን የዓመቱን መመሪያ ማንበብና በግል መሬት ላይ ከሆነ የባለይዞታውን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ዜግነት የሌለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ጠመንጃ መያዝ የሚፈቅድለት የመኖሪያ ሁኔታ እንዳለው ማጣራት አለበት። በአገሪቱ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል፤ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰውም፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ በሕጉ የተለየ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ ክልከላው ይመለከተዋል።