ሐዲድና የባሕር በር፦ የሳን ፔድሮና የዊልሚንግተን የቪክቶሪያ ዘመን ቅርሶች ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ

መግቢያ

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በፌርፋክስ ጎዳና በኦሊምፒክና በፒኮ ጎዳናዎች መካከል የሚገኘውና በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚል ይፋዊ ስያሜ ያገኘው ሰፈር ከወደብ ኑሮ የራቀ ቢመስልም፣ ከተማዋን ከውቅያኖስ ጋር ያገናኟት ሁለቱ የቆዩ የወደብ ሰፈሮች፣ ዊልሚንግተንና ሳን ፔድሮ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጁም። በሰፈሮቹ ከቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ከነገሡበት ከ1837 እስከ 1901 ካለው ጊዜ፣ የተረፉ ሕንፃዎች ቤተ መዘክር ሆነው ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ይህ መጣጥፍ ቅርሶቹን በቅደም ተከተል እየቃኘ አንድ ሐሳብ ያቀርባል፤ ይኸውም አንድን የባሕር ዳርቻ ወደብ የሚያሰኘው ከጀርባው ካለውና ከሚያገለግለው ምድር፣ በጥናት አጠራር ከ«ኋላ ምድሩ»፣ ጋር ያለው ጽኑ ትስስር ነው የሚል ነው። በመጣጥፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባኒንግ ቤትና የ21 ማይል ሐዲድ

ጉብኝቱ ከዊልሚንግተን ሲጀመር የታሪኩን ቅደም ተከተል ይጠብቃል። ነጋዴው ፊኒያስ ባኒንግ በ1851 በወጣትነታቸው ወደ ካሊፎርኒያ ሲመጡ፣ የሳን ፔድሮ ባሕረ ሰላጤ ለነፋስ የተጋለጠና በዳርቻው ጥልቀት የሌለው ስለነበር፣ መርከቦች ርቀው መልሕቅ ይጥሉ፣ ጭነቱም በጀልባ እየተመላለሰ ይራገፍ ነበር። ባኒንግ የቆረቆሯትን መንደር በትውልድ ግዛታቸው በደላዌር ባለችው ከተማ ስም ዊልሚንግተን አሏት፤ በ1864 ያሠሩት ባለ 23 ክፍል ቤትም እስከ ዛሬ ቆሟል። ቤቱ የጥንት ግሪኮችን ቤተ መቅደስ በሚመስል ነጭ ዓምዳማ ፊቱ የሚታወቅ ሲሆን፣ በአቅራቢያው ያለው ድረም ባራክስ ደግሞ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የተሠራ የጦር ሰፈር ቅሪት ነው።

ከቤቱ ይልቅ ዘላቂ ውጤት ያስገኘው ግን ባኒንግ የተሟገቱለት የባቡር መስመር ነው። በ1868 የአውራጃውና የከተማው መራጮች ለግንባታው የሚውል ገንዘብ በቦንድ፣ ማለትም ከነወለዱ በሚከፈል የመንግሥት ብድር፣ እንዲገኝ በድምፃቸው ፈቀዱ፤ በ1869ም ሎስ አንጀለስን ከዊልሚንግተን የሚያገናኘው የ21 ማይል ሐዲድ ሥራ ጀመረ። በ1871 ደግሞ ውሃው ራሱ ጠርጎ የባሕሩን ወለል እንዲያጠልቅ የሚያስገድድ የግድብ ሥራ ተጀመረ። ሕዝቡ ገና ወደብ ለማይባል ዳርቻ ተበድሮ ሐዲድ መዘርጋቱ፣ ትስስሩ ከወደቡ እንደቀደመ ያሳያል።

የዙላ ሐዲድ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ዘመን ሌላ ሐዲድ ያስታውሰዋል። በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጣ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከጥንታዊቷ የአክሱም መንግሥት ወደብ ከአዱሊስ አጠገብ፣ ዙላ ላይ የመርከብ መጠጊያ ሠርቶ አጭር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። መቅደላ በሚያዝያ 1868 ወድቃ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ ጦሩ በመጣበት ተመለሰ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ተጫነ። የሁለቱ ሐዲዶች ዘመን አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ከተማ ሲያበቅል ሌላው ዳርቻውን እንደነበረ የተወው፣ የዙላው ለዘመቻ እንጂ ለአገሩ ገበሬና ነጋዴ ስላልተዘረጋ ነው። የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ምድር ባቡር ነው፤ እርሱ በጉዞው ላይ ድሬዳዋን አስቆርቁሯል፣ ጅቡቲንም የኢትዮጵያ ዋና የንግድ በር አድርጓታል።

የፖይንት ፈርሚን መብራት ቤት

ከዊልሚንግተን ወደ ደቡብ በሳን ፔድሮ ገደል አናት ላይ የቆመው የፖይንት ፈርሚን መብራት ቤት፣ መርከቦች በሌሊት ከድንጋይ እንዳይጋጩ የሚያመላክት ማማ ሲሆን፣ በ1874 በእንጨት ተሠራ። ንድፉን ያወጡት ፖል ፔልዝ ኋላ የዋሽንግተኑን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከነደፉት አንዱ ናቸው። ከሩቅ ሲታይ ሰገነቱና የተቀረጹ ምሰሶዎቹ የመኖሪያ ቤት ያስመስሉታል፤ ማማው ከጣራው መካከል ብቅ ማለቱ ብቻ ሥራውን ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ጠባቂዎች ሜሪና ኤላ ስሚዝ የተባሉ እህትማማቾች ነበሩ። በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሃርበር ሲደበደብ መብራቱ ጠፋ፤ በጦርነቱም የማማው አናት ተነሥቶ የአካባቢው ሰዎች «የዶሮ ቤት» ያሉት የቅኝት ጎጆ ተተከለበት። ሕዝቡ ግን ቤቱ እንዲፈርስ አልፈቀደም፤ መቶኛ ዓመቱ በሞላበት በ1974 የቀድሞ መልኩ ተመልሶለታል።

በዙሪያው የሚጎበኘው ብዙ ነው፦ በ1929 በተጀመረ የመሬት መንሸራተት የተሰነጠቀው ሰፈር፣ የኮሪያ ሪፐብሊክ በ1976 ያበረከተችው የወዳጅነት ደወል፣ እንዲሁም በጀልባ የሚደረስባት የካታሊና ደሴት ይገኙበታል።

ከተማዋን ከወደቡ ያሰረው ቁራጭ መሬት

በ1890ዎቹ የባቡር ባለሀብቱ ኮሊስ ሀንቲንግተን የሎስ አንጀለስ ወደብ እርሳቸው በሚቆጣጠሩት በሳንታ ሞኒካ እንዲሠራ ሲሟገቱ፣ ሴናተር ስቲቨን ዋይት ለሳን ፔድሮ ቆመው ክርክሩ በ1897 ለሳን ፔድሮ ተወሰነ፤ ማዕበል የሚሰብረው የድንጋይ ግንብም ከ1899 ጀምሮ ተገነባ። ሎስ አንጀለስ በ1906 እስከ ወደቡ ደጃፍ የሚዘልቅ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ መሬት ወደ ክልሏ ጨመረች፤ በ1909ም ዊልሚንግተንና ሳን ፔድሮ ከእርሷ ጋር ተዋሐዱ። ዛሬ ከፌርፋክስ ተነሥቶ በ110 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ የሚነዳ ጎብኚ በዚያው ቀጭን መሬት ላይ ይጓዛል።

ማጠቃለያ

ሳን ፔድሮ ተፈጥሮ ያደላት የባሕር በር አልነበረችም፤ ወደብ ያደረጓት በድምፅ የተፈቀደ ብድር፣ ሐዲድ፣ ግንብና ቀጭን መሬት ናቸው። ኢትዮጵያ ከ1993 ጀምሮ የራሷ የባሕር ዳርቻ የሌላት አገር እንደመሆኗ፣ ይህን ታሪክ በአካል ተገኝቶ ማየት ለልጆቿ ከሽርሽር ያለፈ ትምህርት አለው። ስለዚህ በፌርፋክስ የሚያድጉ ልጆች በባኒንግ ቤት ደጃፍ ሲቆሙ ስለ ዊልሚንግተኑ ሐዲድ ብቻ ሳይሆን ተነቅሎ ስለ ሄደው የዙላ ሐዲድም ሊነገራቸው ይገባል።