ችራጋን፦ የቦስፎር ዳር ቤተ መንግሥትና እስረኛው

ስለ ኦቶማን መንግሥት ውድቀት የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በጦር ሜዳውና በዕዳው መዝገብ ላይ ነው። እኛ ግን በኢስታንቡል፣ በቦስፎር የባሕር ሰርጥ ዳር በቆመው በችራጋን ቤተ መንግሥት ላይ ጥቂት ለማለት እንወዳለን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤተ መንግሥቱን በ1860ዎቹ ያሠራው ሱልጣን አብዱልአዚዝ ሲሆን፣ ሥራውን የመሩት የአርመን ተወላጆቹ ወንድማማች ሳርኪስና ሐጎፕ ባልያን ናቸው። ጎረቤቱ ዶልማባህቼ የአውሮፓን ፈለግ ሲከተል፣ ችራጋን ከሰሜን አፍሪካና ከሙስሊም እስፔን የተቀዳ ጌጥ ለበሰ። የውጪው ግድግዳ እብነ በረድ ነው፤ ውስጡና ጣሪያው ግን እንጨት ነበር። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን። መንግሥቱ ከ1854 ጀምሮ ከአውሮፓ ሲበደር ኖሮ፣ በ1875 የዕዳውን ወለድ በሙሉ መክፈል እንደማይችል አስታወቀ።

በግንቦት 1876 አብዱልአዚዝ ከዙፋን ወረደ። የተተካው የወንድሙ ልጅ ሙራድ አምስተኛ 93 ቀን ብቻ ነግሦ፣ አእምሮው ታውኳል ተብሎ ተሻረ። ወንድሙ አብዱልሐሚድ ሁለተኛ ሲነግሥ ሙራድ ከቤተ ሰቡ ጋር በችራጋን ተዘጋበት፤ በ1904 እስኪሞት ድረስም 28 ዓመት ያህል በእስር ኖረ። የአምባ ግሸንን ታሪክ ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ የኛ መሳፍንት በተራራ፣ እርሱ በእብነ በረድና በውሃ መታጠራቸው ነው።

ሊያስፈታው የሞከረው ዓሊ ሱዓቪ ነው። ይህ ሰው በ1867 ተሰዶ በለንደን ጋዜጣ ያሳተመ፣ በ1876 ወደ አገሩ የተመለሰ ምሁር ነበር። በመጀመሪያ ከአብዱልሐሚድ ጋር ተስማምቶ የጋላታሳራይ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሹመቱ ተነሣ። በየካቲት 1878 ሱልጣኑ ምክር ቤቱን ዘጋ። በግንቦት 20 ቀን ሱዓቪ በሩሲያ ጦርነት ከባልካን የተፈናቀሉ ስደተኞችን አስከትሎ ቤተ መንግሥቱን ሰብሮ ገባ፤ ከሙራድም ዘንድ ደረሰ። ነገር ግን ወታደሮች ደርሰው እርሱን እዚያው ገደሉት። በርካታ ጸሐፍት ጀብደኛ ብለው ያልፉታል። እኛ ግን ፍርዱ የቸኮለ ይመስለናል፤ አብረውት የገቡት ሰዎች ቤታቸውን አጥተው ነበር፣ አቤት የሚሉበትም ምክር ቤት ከተዘጋ ሦስት ወር አልፎ ነበር።

በ1908 ሕገ መንግሥቱ ሲመለስ፣ ምክር ቤቱ በኅዳር 1909 መቀመጫውን በዚሁ እስር ቤት አደረገ። ሁለት ወር ያህል እንደ ሠራ፣ በጥር 19 ቀን 1910 እሳት ተነሣ፤ እንጨቱም በጥቂት ሰዓት አመድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግቢው የእግር ኳስ ሜዳ ሆነ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሕንፃው ታድሶ ለሆቴልነት ተከፈተ። ከባልያኖቹ ሥራ የተረፈው የውጪው ግድግዳ ነው።