መስመሩ ሲጨናነቅ፦ ኢንተርኔት ተራ መጠበቅን የተማረበት ታሪክ

በ2020 የፀደይ ወራት፣ ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ባዘጋበት ጊዜ፣ ጋን ሽሙኤል ያለው ቤታችን እንደ ገበያ ነበር። እኔ አንዱ ክፍል ውስጥ ዙም ላይ ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ሌላው ክፍል ውስጥ እንዲሁ። እናቴ ሳሎን ተቀምጣ፣ ጎንደር ሆና አሊያ ከምትጠብቀው እህቷ ጋር በቪዲዮ ትነጋገራለች። ታላቅ እህቴ አንድ ረጅም ፊልም ወደ ኢንተርኔት መጫን ስትጀምር የአክስቴ ፊት ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ድምጿም ተቆራረጠ። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «አልሰማሽም! አልሰማሽም!» ትላለች። አክስቴ ስለ አያቴ ሕመም እየነገረቻት ነበር።

ያን ቀን ሁላችንም ተኳረፍን። ጥፋቱ የማን ነው? በኋላ ተማሪ ሆኜ ነገሩን ስመረምር መልሱ ረጅም ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘሁት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወላጆቻችን የመስመር መጨናነቅን የሚያውቁት ከኢንተርኔት በፊት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ የገባው በ1894፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ቢሆንም፣ ለገጠሩ ሰው ለብዙ አስርት ዓመታት የከተማ ነገር ሆኖ ቆይቷል። በሙሴ ዘመቻና በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በመንገደኛ ይልኩ ነበር። ከዚያ የስልክ ካርድ መጣ። የድሮው ስልክ ደንብ ቀላል ነው፦ አንድ ንግግር አንድ መስመር ይይዛል። መስመሮቹ ካለቁ «ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ትሰማላችሁ፤ የበዓል ዋዜማ ሲሆን አሥር ጊዜ መሞከር ነው። አንዴ ከገባችሁ ግን መስመሩ እስክትጨርሱ የእናንተ ነው።

ኢንተርኔት እንደዚህ አይደለም። ማንንም «ተይዟል» ብሎ አይመልስም። ንግግሩንም ፊልሙንም ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ይከፋፍልና ሁሉንም በአንድ መንገድ ይሰዳቸዋል። መንገዱ ሲጠብ ጥቅሎቹ ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ ከሞላ የተረፈው ይጣላል። ላኪው ኮምፒውተር «ደርሷል» የሚል መልስ ካላገኘ ያንኑ ጥቅል ደግሞ ይልካል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጆን ኔግል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህ አካሄድ መረቡን ሊጥለው እንደሚችል በ1984 ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ የፈራው ደረሰ። በጥቅምት 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ግንኙነት በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 400 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ወረቀቱን ይዞ በእግር መሄድ ይቀል ነበር። ገመዱ አልተበጠሰም። ኮምፒውተሮቹ መልስ ሲዘገይባቸው ያንኑ ጥቅል ደጋግመው ስለላኩ፣ መንገዱ በድግግሞሽ ተሞልቶ ለቁም ነገር የሚሆን ቦታ ጠፋ።

እናቴ ስለ መንደሯ ምንጭ ስትነግረን እንዲህ ትላለች፦ ምንጩ ትንሽ ነው፤ ሁሉም እንስራውን ይዞ ከተጋፋ ውሃው ይደፈርሳል፤ ያኔ ማንም አይቀዳም። የ1986ቱ ነገርም ይኸው ነው።

የላቦራቶሪው ባልደረባ ቫን ጃኮብሰን ከማይክ ካረልስ ጋር ሆኖ መፍትሔውን በ1988 አሳተመ። አዲስ ገመድ አልዘረጉም፤ የላኪዎቹን ጠባይ ቀየሩ እንጂ። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ጥቂት ጥቅል ብቻ ይልካል። «ደርሷል» ሲባል እጥፍ ያደርጋል፤ ከ1 ወደ 2፣ ወደ 4፣ ወደ 8። ወደ ገደቡ ሲጠጋ ግን አንድ አንድ ብቻ ይጨምራል። ጥቅል ከጠፋበት መንገዱ ሞልቷል ማለት ነውና ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከዚያ እንደገና ቀስ ብሎ ይጨምራል። እኛስ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንል የለ? የሚገርመው መሐል ላይ ቆሞ የሚያዝ ፖሊስ የለም። እያንዳንዱ ላኪ በራሱ ስለሚቆጠብ መንገዱ ለሁሉም ይበቃል።

ታዲያ መፍትሔው በ1988 ከተገኘ የኛ ቤት በ2020 ለምን ተጨናነቀ? የማስታወሻ ዋጋ ሲረክስ የራውተር ሠሪዎች ትልልቅ መጠባበቂያ ማስገባት ጀመሩ። ሰልፉ በጣም ረዘመ፤ ጥቅል ቶሎ ስለማይጣል ላኪው መሙላቱን አያውቅም፤ ስለዚህ አይቀንስም። የእህቴ ፊልም ጥቅሎች ራውተሩን ሞልተውት የእናቴ ድምፅ ከኋላቸው ተሰልፎ ነበር። ጂም ጌቲስ የተባለ ባለሙያ በ2010 ይህንኑ በራሱ ቤት አይቶ ለዓለም አሳወቀ። በ2012 ደግሞ ካትሊን ኒኮልስና ያው ጃኮብሰን አዲስ ዘዴ አቀረቡ፦ ራውተሩ የሰልፉን ርዝመት ትቶ፣ አንድ ጥቅል ስንት ጊዜ እንደቆመ ይለካል፤ መዘግየቱ ከቀጠለ አንዳንድ ጥቅል ጥሎ ላኪውን «ቀስ በል» ይለዋል። በኋላም ትንሹ ንግግር ከትልቁ ፊልም ኋላ እንዳይቀር ለየራሳቸው ሰልፍ የሚሰጥ ዘዴ ተጨመረበት። በመጋቢት 2020 ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ እንኳ የአውሮፓ መስመር እንዳይጨናነቅ ብለው የቪዲዮአቸውን ጥራት ዝቅ አድርገዋል።

አንድ ነገር ግን ለይተን እንወቅ። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት የገባው በ1997 ነው፤ አገሪቱ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች በኩል ያልፋል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን «ኔትወርክ የለም» ሲሉ ሁልጊዜ መጨናነቅ ማለት አይደለም። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። የተጨናነቀ መንገድ ላይ ጥቅሉ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል፤ በር ሲዘጋ ግን የጃኮብሰን ብልሃት ምንም አይፈይድም።

አያቴ በዚያው ዓመት አረፈች። እናቴ ከዚያ ንግግር የሰማችው ግማሹን ብቻ ነው። ጥፋቱ የእህቴ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ፤ ለእህቴም ነግሬያታለሁ።

ዛሬ ቤታችን ሁለት ደንብ አለ። አንደኛ፣ የራውተሩን ማስተካከያ ከፍተን የመላኪያውን ፍጥነት ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርገነዋል፤ ሰልፍ አይጠራቀምም። ወጣቶች፣ ይህን ለወላጆቻችሁ በግማሽ ሰዓት ልትሠሩላቸው ትችላላችሁ። ሁለተኛው ማሽን አይፈልግም፦ ዓርብ ከሻባት በፊት እናቴ ጎንደር ስትደውል ማንም ፊልም አይጭንም።