የልብ ድካም ታማሚ ኢሲጂ ስለ ወደፊቱ ምን ይነግረናል?

የልብ ድካም ማለት ልብ ሥራውን አቆመ ማለት አይደለም፤ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት አቃተው ማለት ነው። በአገራችን ከዋና ዋና መንስኤዎቹ መካከል የደም ግፊትና ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ ቫልቭ በሽታ ይገኙበታል።

ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚያሰፍር፣ ሕመም የሌለው ምርመራ ነው። ልብ ደም የመርጨት አቅሙን የሚያሳየው ግን የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ነው። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ምን ያያል?

1. የምት ፍጥነት። መድኃኒት እየወሰዱ፣ አርፈው ሳለ ልብ በደቂቃ ከ70 በላይ የሚመታ ከሆነ ጫና እንዳለበት ሊያመለክት ይችላል። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሊያስተካክል ይችላል።

2. የምት ሥርዓት። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የተዘበራረቀ ምት በልብ ውስጥ ደም እንዲረጋና ስትሮክ እንዲከሰት ያደርጋል። ብዙዎቹ ታማሚዎች ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል።

3. የኪውአርኤስ ስፋት። የኤሌክትሪክ መልእክቱ በልብ ታችኛው ክፍል ለመዳረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ከ120 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም በወረቀቱ ላይ ከ3 ትናንሽ ካሬዎች በላይ ከሆነ የልብ ግራና ቀኝ ክፍሎች እኩል አይመቱም፤ ሥጋቱም ይጨምራል። ከ150 በላይ ከሆነና የግራው መስመር ከተዘጋ፣ ልዩ ፔስሜከር የሚጠቅማቸው ታማሚዎች አሉ፤ ሕክምናው በአገራችን በቀላሉ ባይገኝም የልብ ስፔሻሊስት ማማከር ተገቢ ነው።

4. የኪውቲ ርዝመት። ልብ ከመታ በኋላ ለሚቀጥለው ምት እስኪዘጋጅ ያለው ጊዜ ነው። ከ500 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ድንገተኛ አደገኛ ምት ሊመጣ ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚስተካከል ነው፦ በሚያሸኑ መድኃኒቶች (ለምሳሌ ላሲክስ) የተነሳ የፖታሲየም ማነስ፣ እንደ ክሎሮኪንና ኪኒን ያሉ የወባ መድኃኒቶች ወይም አንዳንድ አንቲባዮቲኮች። ስለዚህ ለሌላ ሕመም ሲታከሙ የልብ ታማሚ መሆንዎን አስቀድመው ይናገሩ።

ቁጥሩ ፍርድ አይደለም

እነዚህ ቁጥሮች የብዙ ታማሚዎችን ሁኔታ በማነጻጸር የተገኙ ናቸው። «ስፋቱ 160 ነው» ማለት ለአባትዎ ይህን ያህል ዕድሜ ቀራቸው ማለት አይደለም፤ በቅርብ መከታተል ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። በተቃራኒው «ኢሲጂው ደህና ነው» ስለተባለ መድኃኒት ማቆም አደገኛ ነው።

የድሮውን ወረቀት አይጣሉ

ከአንዱ ኢሲጂ ይልቅ በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥ ብዙ ይናገራል። ዛሬ የሰፋው ኪውአርኤስ ከሦስት ዓመት በፊትም እንዲሁ ከነበረ አንድ ነገር ነው፤ አዲስ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ከአታት ሆስፒታል፣ ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈልዎ የድሮውንም የአዲሱንም ይዘው ይሂዱ። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል፤ ወዲያውኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት ወይም ፎቶ ኮፒ ያስደርጉት።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

- ራስዎን ከሳቱ፤
- የደረት ሕመም ወይም የማያቋርጥ ኃይለኛ የልብ ትርታ ካለ፤
- ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ካጠረዎት፤
- ክብደትዎ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ።